አይጥ በበላ

በእኛ ብሎክ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ለአይጥ መርዝ መግዣ በየቤቱ ሃምሳ ሃምሳ ሽልንግ እየተዋጣ ነው። ሰብሳቢው ወንድማችን እኔ በር ላይ ደርሶ ደብተሩን ገለጠና «ያንተ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ ጥቂት ቆየሁ፤ ሳልሰጠውም ሳልከለክለውም «እስቲ ላስብበት» አልኩት። «ሃምሳ ሽልንግ ደግሞ ምን ይታሰብበታል!» ብሎ ስቆ ሄደ። ማታውን ግን ወሬው ብሎኩን አዳረሰው፤ «እከሌ ለአይጥ አዘነላት»፣ «እከሌ ዌስትላንድስ ከህንዶች ጋር ኖሮ ሃይማኖቱን ለውጦ መጣ» ተባለ። እንግዲህ ነገሬን በየቡናው ላይ እየቆራረስኩ ከምበትነው፣ በዚህችው በእጅ በምትጻፈው መጽሔታችን ላይ አንድ ጊዜ ጨርሼው አንባቢ ይፍረደኝ ብዬ ብዕር አንሥቻለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አስቀድሜ የማልከራከርበትን ልናገር። አይጥ ጎጂ ናት። በጆንያ አፈር ሞልተን፣ የዕቃ እጣቢ ውሃ እያጠጣን የምናሳድጋትን ሱኩማ ገና ቅጠል ስታወጣ ትቆርጣታለች። ራሽኑ በተቀነሰበት በዚህ ዘመን የዱቄት ከረጢት ትቀድዳለች፤ ከበላችውም ይልቅ ያበላሸችው ይበዛል፤ ሽንቷና ኩሷ የነካውን ዱቄት ወንፊት አያጠራውም። ባለፈው ወር ደግሞ የጎረቤታችን ሕፃን በተኛበት ጣቱን ተነክሶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ሰምተናል። «መርዝ ይገዛ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የተናገረች የዚሁ ልጅ እናት ናት፤ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። «አይጥም የእግዜር ፍጥረት ናት» የሚል ሰው ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም ከዚህ እምነቴ ብዙ አልራቅሁም።

ታዲያ ሃምሳ ሽልንጉን ምን አስያዘኝ? ይህን ለማስረዳት ወደ ዌስትላንድሱ ጓሮ መመለስ አለብኝ።

ዌስትላንድስ ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ነው። ብዙዎቻችን ሰፈሩን ያወቅነው ያኔ በዋያኪ ዌይ በኩል በነበረው የስደተኞች ኮሚሽን ቢሮ ደጃፍ ከንጋት ጀምሮ ስንሰለፍ ነው፤ ከሰልፉ ሌላ ያየነው የለም። ከትልቁ መንገድ ወደ ውስጥ፣ ወደ ራፍታ ሮድና ወደ ብሩክሳይድ ድራይቭ ሲዘለቅ ግን ሌላ ዓለም ነበር። የሸክላ ጣሪያ ያላቸው የድሮ ቪላዎች፣ በአጥሩ ላይ ቡገንቪላ፣ ከቤቱም በስተጀርባ ሰፊ ጓሮ። ዛሬ ብዙዎቹ ፈርሰው ፎቅ ቆሞባቸዋል። እኔ በነበርኩበት ጊዜም መፍረሱ ተጀምሮ ነበር፤ አንድ ቪላ ሲፈርስ ሰዎቹ በመኪና ይሄዳሉ፣ አይጦቹ በእግራቸው ወደ ጎረቤት ግቢ ይገባሉ።

ከ2011 እስከ 2014 ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ ቀን አትክልተኛ፣ ሌሊት ዘበኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በዘራቸው የጉጃራት ሰው የሆኑ አሮጊት ነበሩ። ቤተሰቡም ሠራተኛውም «ባ» ይላቸዋል፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ሃይማኖታቸው ጃይን ነው። ዌስትላንድስና ፓርክላንድስ ውስጥ የዚህ እምነት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ኦሽዋል ሴንተር የሚባለው ትልቅ አዳራሻቸውም እዚያው ነው። የእምነቱ የመጀመሪያ ሕግ ሕይወት ያለውን ሁሉ አለመጉዳት ነው። መነኮሳቱ ሲራመዱ ነፍሳት እንዳይረግጡ ከፊታቸው በለስላሳ መጥረጊያ ይጠርጋሉ። እኛ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የምንጾም ሕዝብ ነንና ከሥጋ መከልከል አያስደንቀንም፤ እነርሱ ግን ድንች፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት እንኳ አይበሉም። ሥሩ ሲነቀል ተክሉ ይሞታል፣ በሥሩ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳትም አብረው ይጠፋሉ ይላሉ። በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ቀን ባ የሰጡኝ ትእዛዝ ሁለት ነበር፤ ድንች እንዳልተክል፣ ምንም ነገር እንዳልገድል።

በጓሮው ቲማቲም፣ ቆስጣ፣ ድንብላልና ቃሪያ ነበረ፤ ዳር ዳሩን ፓፓያና አንድ ትልቅ የሎሚ ዛፍ። ከጎን ያለው ቪላ ከፈረሰ በኋላ አይጡ መጣ። ቲማቲሙ ሊቀላ አንድ ቀን ሲቀረው ይነከሳል፤ የተዘራ ባቄላ በመስመር በመስመሩ እየተቆፈረ ይወጣል። ከብስባሹ ክምር ሥር ዋሻ ሠርተው ነበር። አይጥ በሦስት ሳምንት አርግዛ የምትወልድ፣ የወለደቻቸውም በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ለመውለድ የሚደርሱ ፍጥረት ናት፤ ስለዚህ ሦስት አይጥ አየሁ ያለ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ስንት እንደሚያይ ማስላት አያቅተውም።

ለባ ስነግራቸው ከሽቦ የተሠራች ሳጥን አስገዙልኝ። አይጧ ገብታ ምግቡን ስትነካው በሩ ይዘጋል፤ እርሷ ምንም አትሆንም። ማለዳ ሳጥኗን በጋዜጣ ሸፍኜ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር እሄድና ወንዝ ዳር እለቃታለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት። ባዶዋን ሳጥን ይዤ ስመለስ ባ በረንዳ ላይ ሻያቸውን እየጠጡ ፈገግ ይሉልኛል፤ እኔም እውነት ለመናገር ጻድቅ የሆንኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። ሰው በሌላ ሰው ደመወዝ ሲራራ ደስ ይላል።

ከወንዙ ማዶ ዲፕ ሲ የሚባል የቆርቆሮ ሰፈር አለ። አንድ ማለዳ የሳጥኗን በር ስከፍት ልጅ በጀርባዋ ያዘለች፣ ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ አየችኝ። አይጧ ወደ ውሃው አልሄደችም፤ በሴትዮዋ አጠገብ አልፋ ወደ ቆርቆሮዎቹ ሮጠች። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። በስዋሂሊ «እዚህ ሰው የሚኖር አይመስልህም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለስንት ሳምንት እንዳመላለስኩ ግን በልቤ ቆጠርኩ። የባ ጓሮ የጸዳው የእርሷ ቤት እየቆሸሸ ነበር። አይጥ ያልገደልን ሁለታችን፣ ባና እኔ፣ ጉዳቱን ከሀብታም አጥር አንሥተን ድሃ ደጅ ላይ እያፈሰስን በምሕረታችን እንኮራ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ወንዙ መሄድ አልቻልኩም።

ለባ መንገሩ ግን አስፈራኝ። ሥራ ነው፤ የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ ወደ አግሮቬት ሱቅ ሄጄ ሰማያዊ የመርዝ ቁራጭ ገዛሁና ማታ ማታ በየቀዳዳው እከት ጀመር። ሳጥኗን እንደ ወትሮው ማለዳ ይዤ እወጣለሁ፤ ጥግ ላይ ሲጋራ አጭሼ እመለሳለሁ። ባ ፈገግ ይሉልኛል።

ይህን መርዝ ሊገዛ የተዋጣ ሁሉ ሥራውን ማወቅ ይገባዋልና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዚህ ዓይነት መርዞች አባት ዋርፋሪን ይባላል። በአሜሪካን አገር ከብቶች የተበላሸ ድርቆሽ በልተው ደማቸው አልረጋ እያለ ሲሞቱ፣ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ፈልገው አገኙ፤ ከዚያ የተገኘው ቅመም በ1948 ለአይጥ መግደያነት ገበያ ላይ ዋለ። (መጠኑ ተለክቶ ለሰውም መድኃኒት ሆኗል፤ ደማቸው ያለ ቦታው ለሚረጋባቸው ሕሙማን ዛሬም ይታዘዛል።) በ1970ዎቹ ደግሞ ብሮዲፋኩምን የመሰሉ ብርቱ ተከታዮቹ ወጡ። የመርዙ ጥበብ በመዘግየቱ ላይ ነው። አይጥ ማስታወክ የማትችል እንስሳ ናት፤ ስለዚህ አዲስ ነገር ስታገኝ ትጠራጠራለች፣ ጥቂት ቀምሳ ትጠብቃለች፣ ሆዷን ካመማት ሁለተኛ አትነካውም። ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ቶሎ የማያሳምም መርዝ ሠሩላት። ዛሬ ትበላለች፣ ነገም ትበላለች፤ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ አንዳንዴም በሰባተኛው ቀን ውስጥ ለውስጥ ደም እየፈሰሳት ትሞታለች። ምን እንደገደላት አታውቅም። ጓደኞቿም አያውቁም። መርዙን ያስቀመጠውም ሰው ቢሆን የት እንደሞተች፣ ከመሞቷ በፊት ማን እንደበላት አያውቅም።

እኔም አላወቅሁም። ሁለት ሳምንት ያህል ጓሮው ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ማለዳ ከሎሚው ዛፍ ሥር ጉጉት ወድቃ አገኘሁ፤ ክንፏ ተዘርግቶ፣ በአፏ ዙሪያ ደም ደርቆ። ይቺን ጉጉት ከዚያ በፊት ሌሊት ሌሊት ስትጮህ ሰምቼ ድንጋይ ወርውሬባት አውቃለሁ። እኛም አገር፣ ኬንያም ውስጥ ጉጉት የሞት ሟርተኛ ናት ይባላልና ማንም አይወዳትም። እርሷ ግን ዘበኛ ሆኜ ባንቀላፋሁበት ሰዓት ሁሉ የእኔን ሥራ ስትሠራ የኖረች ናት፤ አይጥ አዳኝ ናት። መርዙ ነው የገደላት ብዬ በመስቀል መማል አልችልም። ነገር ግን የተመረዘች አይጥ ከመሞቷ በፊት ትደነዝዛለች፣ በቀን ወጥታ ትንከላወሳለች፤ በቀላሉም ትያዛለች። የበላትም ድመት ሆነ ጉጉት መርዙን ይወርሳል፤ ብርቱዎቹ መርዞች በጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያሉ።

ጉጉቷን በጨርቅ ጠቅልዬ ልቀብራት ስል ባ ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መርዙን፣ ሲጋራውን፣ ወንዙን፣ ሴትዮዋን። የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና «ስንት ገደልክ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት እንዳሰብኩበት! የገደለ ሰው ቢያንስ ቁጥሩን ሊያውቅ ይገባ ነበር። እኔ ግን አይጥ ይሁን ወፍ፣ የጎረቤት ድመት ይሁን ሌላ፣ አስር ይሁን አርባ፣ የማውቀው የለኝም። ባም ጥቂት ቆይተው እንዲህ አሉ፤ «እኔም ሳጥኗ ባዶዋን ስትመለስ ውስጧ የነበረው የት ገባ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁህም።» ከዚህ ሌላ ወቀሳ አልተናገሩም። ጉጉቷን ከሎሚው ሥር ቀበርናት።

እንግዲህ የኔ ነገር ይኸው ነው። የብሎካችን ክርክር «አይጥ ይገደል ወይስ አይገደል» የሚል ነው። በበኩሌ መገደሉ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ የማናየው ግድያ ነው፤ የማናየው ምሕረትም እንደዚያው። አያቴ ጎጃም ውስጥ ጎታዋን ከአይጥ ስትጠብቅ የኖረች ገበሬ ነበረች። አይጥ በወጥመድ ስትያዝላት በዘነዘና አንድ ጊዜ መትታ ትገድላትና «ምን ላድርግሽ፣ የልጆቼን እህል በላሽ» ብላት ለድመቷ ትወረውርላት ነበር። ልጅ ሆኜ በዚህ እስቅ ነበር፤ ከሬሳ ጋር ምን ያነጋግራታል እያልኩ። አሁን ሳስበው ግን አያቴ ከባም ከእኔም የተሻለች ዳኛ ነበረች። የገደለችውን ታውቃለች፤ ለምን እንደገደለች ታውቃለች፤ በገደለችው ሌላ ማንም አልሞተም። ዘነዘናዋ ከአይጧ አልፎ የሚሄድ አልነበረም።

መርዝ ግን አልፎ ይሄዳል። ከመርዝም የባሰ አለ። ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና ተቆረቆረች። በ1902 ከዌስትላንድስ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ በነበረው የህንዶች ገበያ የአይጥ ቸነፈር ገባ። የጤናው ሹም ያገኘው መፍትሔ ገበያውን ማቃጠል ነበር፤ ሱቁም፣ ሱቁ ውስጥ የሚኖረው ሰው ቤትም አብሮ ተቃጠለ። የበሽታውን ተሕዋስ አሌክሳንደር ዬርሲን በ1894 ሆንግ ኮንግ ላይ አግኝቶት ነበር፤ ከአይጥ ወደ ሰው የምታሻግረው ቁንጫ መሆኗንም ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1898 አሳይቷል፤ በጊዜው ያመነው ግን ጥቂት ነው። ቁንጫ አይጧ ሞታ ገላዋ ሲቀዘቅዝ ሌላ ሙቅ ገላ ፍለጋ ትወጣለች። ስለዚህ ቸነፈር ባለበት ስፍራ አይጥን በጅምላ መግደል ቁንጫውን ወደ ሰው መላክ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬ ባለሙያዎች ከአይጧ አስቀድመህ ቁንጫዋን አጥፋ የሚሉት ለዚህ ነው። በ1913 ደግሞ ሲምፕሰን የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም ስለ ከተማይቱ ጤና አጥንቶ የሰጠው ምክር አውሮፓውያን፣ እስያውያንና አፍሪካውያን በየዘራቸው ተለያይተው ይስፈሩ የሚል ሆነ። ከአይጥና ከቁንጫ የተነሣው ነገር የት እንደደረሰ ተመልከቱ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያለው የአገራችን ሰው ናይሮቢን አላየም፤ ግን ያየ ያህል ተናግሯል።

በዚያው በ1902 ሃኖይ ላይ የሆነውን ባልጠቅስ ደግሞ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም አንድ ወንድም በስብሰባው ላይ «ለልጆቹ በጅራት ቁጥር ይከፈላቸው» ብሎ ሐሳብ ሰጥቷል። ፈረንሳዮቹ በቬትናም ይህንኑ አድርገው ነበር፤ ለአንድ ጅራት ይህን ያህል ሳንቲም ብለው አወጁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጅራት የሌላቸው አይጦች በከተማው ሲሮጡ ታዩ፤ ሰው ጅራቱን እየቆረጠ እንድትወልድለት ይለቃት ነበር። ለሽያጭ አይጥ የሚያረቡም ተገኙ። የእኛ ልጆች ከሃኖይ ሰዎች ያንሳሉ ብሎ የሚያምን አባት ካለ ይንገረኝ።

ከአይጥ ወደ ሰው መሻገሬን አንዳንድ አንባቢ ላይወደው ይችላል። ግን ራሳቸው ሰዎቹ ናቸው ያሻገሩት። በየካቲት 2011 ሙአመር ጋዳፊ በቴሌቪዥን ቀርቦ የተነሡበትን ሰዎች «አይጦች» ብሎ ቤት ለቤት እንደሚያጸዳቸው ዛተ። (በጥቅምት ወር እርሱ ራሱ ከውሃ ማፍሰሻ ቱቦ ተጎትቶ ወጣ።) በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ በራዲዮ የተነገረው ቃል «ኢንየንዚ» የሚል ነበር፤ በረሮ ማለት ነው። ቃሉና መርዙ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ የሚሞተውን እንዳናይ፣ ቁጥሩንም እንዳንጠየቅ ያደርጉናል። «ጽዳት» ከተባለ በኋላ «ስንት ገደልክ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኛ ደግሞ ቃሉን ከማንም ይልቅ በቅርብ እናውቀዋለን። ከሞያሌ ጀምሮ የፍተሻ ጣቢያውን እየሸሹ በሌሊት የሚያልፉባቸው ጠመዝማዛ መንገዶች በስዋሂሊ «ንጂያ ዛ ፓንያ» ይባላሉ፤ የአይጥ መንገዶች ማለት ነው። ከመካከላችን በዚያ ያልመጣ ስንት ሰው አለ? እኔ በዚያ ነው የመጣሁት። ሰውና አይጥ እኩል ናቸው ለማለት ይህን አላነሣሁም፤ እንዲህ የሚል ሰው ያ ሕፃን ሲያለቅስ አልሰማም። ነገር ግን በማናየው እጅ የሚጸዳ ነገር ሆነው መቆጠር ምን እንደሆነ የቀመሱ ሰዎች፣ የማያዩትን ለመግደል ሃምሳ ሽልንግ ሲያዋጡ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሊያስቡበት ይገባል ባይ ነኝ።

በባ ጓሮ የሆነውን ልጨርስ። ከጉጉቷ በኋላ አይጡን ያመጣው ምን እንደሆነ በትክክል መመልከት ጀመርን፤ ሦስት ነገር ነው የምትፈልገው፣ ምግብ፣ ውሃና መደበቂያ። ለሁለታችንም አሳፋሪ የሆነው፣ ምግቡን የሚሰጧት ራሳቸው ባ መሆናቸው ነበር። ማታ ማታ ለወፎች ብለው ማሽላ ይበትኑ ነበር፤ ወፎቹ ተኝተዋል፤ የሚበላው አይጥ ነው። ባ ይህን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ማሽላው በማለዳ፣ በሳህን፣ ወፎቹ ሲጠግቡም የሚነሣ ሆነ። የወደቀ ፓፓያ ሳያድር ለቀምኩ። ብስባሹን አፍርሼ ከሥሩ የሽቦ ወንፊት አነጠፍኩና መልሼ ከመርኩት። በአጥሩ ሥር ያለውን ሣር አጨድኩ፤ አይጥ ሜዳ መሻገር አትወድም። አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ በሽቦና በሲሚንቶ ተደፈነ። ሁለት ወር ፈጀ። ሲያልቅ አይጡ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ግን ቲማቲም በላን። የቀሩትን ጥቂቶች ባ «ለእነርሱም ድርሻ አላቸው» አሉ። በዚህ አልተስማማሁም፤ እኔ ብሆን አንገት በሚሰብር ወጥመድ እጨርሳቸው ነበር፤ ቤቱ ግን የእኔ አልነበረም። በመጋቢት 2014 በከተማ ያሉ ስደተኞች ወደ ካምፕ ይግቡ የሚለው ትእዛዝ ሲወጣ ስሰናበታቸው የሽቦዋን ሳጥን ሰጡኝ። ዛገች እንጂ አሁንም አለችኝ።

ካኩማ ዌስትላንድስ አይደለም። ሲሚንቶ የለንም፤ ቤታችን ጭቃና ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን ነው የምንኖረው። ይህ ግን መርዙን የበለጠ ያስፈራኛል እንጂ አያቀለውም። በባ ግቢ መርዙ የገደለው ጉጉት ነው። እዚህ በእኛ ብሎክ ዶሮ አለ፣ ሁለት ድመት አለ። ያ ጣቱን የተነከሰው ሕፃን ደግሞ አሁን መዳህ ጀምሯል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚያስገባው። ሰማያዊዋ የመርዝ ቁራጭ ከረሜላ ትመስላለች። ከጆንያ ወደ ጆንያ የምትጎትታት አይጥ የት እንደምትጥላት ማንም አያውቅም። መርዙ የሚገዛው በእርሱ ስም ነው፤ መጀመሪያ የሚያገኘውም እርሱ ሊሆን ይችላል። ለእናቲቱ ይህን ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ ዝም አለችኝ፣ ልጇን አንሥታ አቀፈችው። ተስማምታለች ማለት አይደለም።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። የተዋጣው ገንዘብ ለሽቦ ወንፊትና ክዳን ላለው በርሜል ይዋል፤ የየቤቱ ዱቄት ማታ ማታ በዚያ ይደር። የዘይት ጣሳ ቀጥቅጠን የበሩን ሥርና የግድግዳውን ቀዳዳ እንድፈን፤ ይህም በአንድ ቀን፣ ሁሉም ቤት በአንድነት፣ አለዚያ ከእኔ የወጣችው ወደ አንተ ትገባለች፤ የዲፕ ሲዋ ሴትዮ የነገረችኝ ይህንኑ ነው። የሱኩማ ጆንያዎቹ በድንጋይና በእንጨት ከመሬት ይነሡ፤ የእጣቢ ውሃ ሌሊት በዕቃ አይደር። ከዚህ በኋላ ለምትቀረው የሚሰብር ወጥመድ እንግዛ፤ ባለ ወጥመዱም በየማለዳው ሄዶ ይይ፣ የሞተችውን በእጁ አያንሣ፣ በላስቲክ ይዞ ይቅበር፣ ይቁጠርም። በሕይወት የምትይዘውን የእኔን ሳጥን የሚፈልግ ካለ እሰጣለሁ፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ብሎክ ወስዶ እንደማይለቅ ይማልልኝ።

አብላጫው ድምፅ መርዝ ካለ ደግሞ፣ አልከለክልም፤ የምከለክልበት ሥልጣንም የለኝም። እንግዲያው መርዙ ሕፃንና ዶሮ በማይደርስበት፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው ይረከበው፤ ስንት ቁራጭ እንደገባ፣ ስንት እንደተበላ፣ ስንት ሬሳ እንደተገኘ በደብተር ይጻፍ። በመንገድ ዳር ስም ሳይጻፍበት የሚሸጠው ዱቄት ግን ፈጽሞ አይገዛ፤ ከምን እንደተሠራ ሻጩም አያውቅም፤ ሰው ቢመረዝ ሐኪሙ ምን ብሎ ያክማል? ደብተሩን የሚይዝ ሰው ከጠፋ እኔ እይዛለሁ። ሃምሳ ሽልንጌንም ያን ጊዜ እሰጣለሁ።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያችው ዛፍ ሥር ነው። ባዶ የዘይት ጣሳ ያለው ይዞ ይምጣ። መዶሻ እኔ ጋ አለ፤ ሚስማር ግን ያንሰኛል።